መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ጥገና

ባለፈው እሁድ ጠዋት ቡና እየቆላን ሳለ ጋሼ በሩን አንኳኩ። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ። ሲገቡ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ጨልሞ ቁጥር ብቻ ያሳየኛል። የእድሩ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እባክሽ ነይና እይልኝ።"

ቡናውን ለእህቴ ትቼ ተከተልኳቸው። ቅዳሜ ማታ የወሩን መዋጮ እያስገቡ ነበር። መብራት ጠፋ። ሲመጣ አበሩት፣ ሳይቆይ እንደገና ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያበሩት ዊንዶውስ አልገባ አለ፤ "ዲ ድራይቭን በመፈተሽና በመጠገን ላይ" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፣ አጠገቡ 11 በመቶ። ሌሊቱን እዚያው 11 ላይ ቆሞ አደረ። እሳቸውም አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ።

እኔ ገና ስክሪኑን ሳየው ሆዴ ባባ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ አጎቴ ከዋሽንግተን መጥቶ አያታችንን ቁጭ አድርጎ ድምጿን ቀዳ። ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ሠርጓ፣ ከገጠር አዲስ አበባ ስለገባችበት ቀን። አጎቴ ቅጂውን በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጎ ለእኔ ሰጠኝና ተመለሰ፤ እሱ ጋ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ በኋላ ተሰረቀ። አያቴ በዓመቱ አረፈች። ከለቅሶው በኋላ ድምጿን ልንሰማ ስንል ዲስኩ ከጠረጴዛ ወደቀ። ሲሰካ "ቀጭ፣ ቀጭ" ይላል፤ ግን ይከፈታል። ፎልደሮቹ ይታያሉ። ቀስ ይላል እንጂ ይታያሉ።

እኔ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ "ቼክ ዲስክን በስላሽ አር አስኪዱት፣ ባድ ሴክተር ያስተካክላል" የሚል አገኘሁ። ቼክ ዲስክ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ፣ ዲስክ የሚፈትሽና የሚጠግን ፕሮግራም ነው፤ ጋሼ ስክሪን ላይ የነበረውም እሱው ነው። ሴክተር ዲስኩ የተከፋፈለባት ትንሽ ቁራጭ ናት፣ ባድ ሴክተር የተበላሸችው። አስኬድኩት። ሁለት ቀን ሄደ። በሁለተኛው ቀን ማታ የዲስኩ ድምፅ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ዲስኩ መኖሩንም ማየት አቆመ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ እዚያው አቧራ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ፈታው። የዲስክ ማንበቢያ ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ነው፤ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ ክፍተት ማለት ነው። ለአንዲት ብናኝ እንኳ ቦታ የለውም። በዚያው አለቀ።

ዛሬም የሚቆጨኝ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው። ፎልደሩ ይከፈት ነበር። ቅጂውን ጎትቼ ሌላ ቦታ ባስቀምጠው ኖሮ የአያቴ ድምፅ ዛሬ ይኖር ነበር። እኔ ግን ጥገና ጀመርኩ።

ስለዚህ ጋሼ ቤት ስደርስ የማደርገውን በቅደም ተከተል አውቀው ነበር።

እሳቸው አስተማሪ ስለሆኑ ሳያውቁት የሚያልፍ ነገር አይወዱም። "ይኼ 'መጠገን' የሚለው ምኑን ነው የሚጠግነው?" ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። እድሩ መዝገብ አለው፣ ሳጥን አለው። መዝገቡ ላይ የአባሉ ስምና የከፈለው ይጻፋል፤ ብሩ ያለው ግን ሳጥኑ ውስጥ ነው። ዲስክም እንደዚያ ነው። ሳጥኑ የፋይላችሁ ይዘት ነው፣ ፎቶው፣ ድምፁ፣ ሒሳቡ። መዝገቡ ደግሞ ፋይል ሲስተም የሚባለው ነው፤ የትኛው ፋይል ምን እንደሚባል፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩ ላይ የት የት ተበትኖ እንደተቀመጠ የሚጻፍበት። ቼክ ዲስክ ኦዲተር ነው። መዝገቡ እርስ በርሱ መስማማቱን ያያል፤ አንድ ቦታ ለሁለት ፋይል ተጽፎ እንደሆነ፣ የማንም ያልሆነ ቦታ "ተይዟል" ተብሎ እንደሆነ፣ ስሙ ያለ ፋይሉ የሌለ እንደሆነ። ያልተስማማውን ያስማማል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብር ትክክለኛ ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። ሥራውም አይደለም።

ኦዲተር ደግሞ መዝገብ ሲያስተካክል ሊሰርዝ ይችላል። አንድ መስመር ከሌላው ጋር ካልተስማማ የሚቀረው መዝገቡ ነው፣ የሚሄደው መስመሩ። እና የተሰረዘው መስመር የእናንተ የልጅ ልደት ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ኮፒ የሚቀድመው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም ከዚሁ ይገባል። ጋሼ "ሴቭ" ሲሉ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር አይደለም የሚጽፈው። ይዘቱን ይጽፋል፣ መጠኑን ይቀይራል፣ የተያዘውን ቦታ ይመዘግባል። በመካከል መብራት ከሄደ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ከ1993 ጀምሮ ለዚህ መላ አለው፤ መዝገቡ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ማስታወሻ ላይ ይይዛል፣ መብራት ሲመለስ ማስታወሻውን አይቶ ወይ ይጨርሰዋል ወይ ይተወዋል። ጥሩ ነው። ግን ማስታወሻ የሚይዘው ለመዝገቡ ብቻ ነው፣ ለሳጥኑ አይደለም። ስለዚህ ስሙም መጠኑም ልክ የሆነ ፋይል ከፍታችሁ ውስጡ ባዶ ዜሮ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ፍላሽና የካሜራ ካርድ ላይ ያሉት ፋት32 እና ኤክስፋት የሚባሉ ፋይል ሲስተሞች ደግሞ ይህ ማስታወሻ ጭራሽ የላቸውም። ፍላሽ ከመንቀላችሁ በፊት "ሴፍሊ ሪሙቭ" አድርጉ የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ሁልጊዜ አደርጋለሁ፣ ብቸኩልም።

ወደ ጋሼ ኮምፒውተር ልመለስ። 11 በመቶ ላይ የቆመውን አጠፋሁት። ማይክሮሶፍት ቼክ ዲስክን ማቋረጥ አይመክርም፤ ቢቋረጥም ግን ድራይቩን ከነበረበት የባሰ አያበላሸውም ይላል። እንደገና ሳበራው ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ ይቆጥራል፤ በዚያች ጊዜ ማንኛውንም ቁልፍ ከተጫናችሁ ይዘለላል። ተጫንኩ። ዊንዶውስ ገባ። እድለኛ የሆኑት ዊንዶውሱ ያለው በትንሽ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ማከማቻ፣ ላይ ስለሆነ ነው፤ ዲ የሚባለው ሌላ፣ 500 ጊጋባይት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው፤ የእድሩ ፎልደር እዚያ ላይ ነበር።

ፎልደሩ ይታያል። ፍላሽ ሰካሁ። ኮፒ፣ ፔስት። ጋሼ ትንፋሻቸውን ይዘው መስመሩ ሲሞላ ያያሉ። 180 ሜጋባይት አካባቢ ነበር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም እያለ አለቀ። ፍላሹን ነቅዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። "አሁን የፈለገው ይሁን" አልኳቸው።

ሁለተኛው ነገር ዲስኩ ራሱ ታሟል ወይስ መዝገቡ ብቻ ነው የተዛባው የሚለው ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ነው ዲስክ የሚገድለው፤ እኔም ያኔ ያምታታሁት ይህንን ነው። ዲስኮች ስማርት የሚባል የጤና መዝገብ በውስጣቸው ይይዛሉ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያሳያችኋል። ብዙ መስመር አለው፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ሦስቱን ነው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ናቸው። ቁጥር 197 ማንበብ ያቃተውና ገና ያልተወሰነባቸው ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ዜሮ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ 197 በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ ግን ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ያለችውን ጉልበት ኮፒ ለማድረግ ብቻ ተጠቀሙባት። ሦስተኛው ቁጥር 199 ነው፤ በዲስኩና በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃ ይቆጥራል። ፕሮግራሙ ሲከፈት እነዚህን መለያዎችም ቆጠራዎቹንም በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ነው የሚጽፋቸው፤ 197 ሲ5፣ 199 ደግሞ ሲ7 ሆነው ይታያሉ። ቆጠራውን ከሜኑው ውስጥ ወደ ተራ ቁጥር መቀየር ይቻላል።

የጋሼ 5 ዜሮ። 197 ዜሮ። 199 ግን 312።

ደስ አለኝ። 199 ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ነው። አጠፋነው፣ ሶኬቱን ነቀልን፣ ጎኑን ፈታሁ። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ሳታ ኬብል አቧራ ለብሶ ግማሽ ወጥቷል፣ በጣት ስነካው ይወዛወዛል። ቤት ሄጄ ከአሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ ሌላ ኬብል አመጣሁና ቀየርኩት። 312 ራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው። ጋሼ ቁጥሩን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፉት።

አሁን ነው ጥገናው የሚመጣው። ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን የዊንዶውስ መስኮት፣ በቀኝ ክሊክ "ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" ብላችሁ ትከፍታላችሁ። ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ ብላችሁ ትጽፉና ቦታ ትታችሁ የድራይቩን ፊደል ከነሁለት ነጥቡ ታስከትላላችሁ። በዚህ ብቻ ኢንተር ከመታችሁ ያነባል እንጂ ምንም አይነካም። እኔ ሁልጊዜ በዚህ እጀምራለሁ፤ ኦዲተሩ ምን እንዳገኘ ሳላይ እርሳስ አልሰጠውም። ስህተት አለ ካለ መጨረሻው ላይ ስላሽ ኤፍ ትጨምራላችሁ፣ ያን ጊዜ ያስተካክላል። ድራይቩ ሲ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ስለሚጠቀምበት "በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ልፈትሽ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ዋይ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፉለታላችሁ፣ ሪስታርት ሲደረግ ይሠራል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ስላሽ ስካን አለ፤ ኮምፒውተሩን እየተጠቀማችሁበት ኤንቲኤፍኤስ ድራይቭን ይፈትሻል።

ስላሽ አር የሚባለው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ስላሽ ኤፍ የሚያየው መዝገቡን ነው። ስላሽ አር መዝገቡንም፣ ሳጥኑንም፣ ባዶውን ቦታም ሳይቀር እያንዳንዷን ሴክተር ያነባል። ጤነኛ ዲስክ እንኳ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢያነብ 1 ቴራባይቱን ለመጨረስ 10,000 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ወደ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ። የታመመ ዲስክ ደግሞ አንዷን መጥፎ ሴክተር ደጋግሞ ለማንበብ ሰከንዶች ያጠፋል፣ ጫፉ ይመላለሳል፣ ይግላል። የሚንፏቀቅን ሰው "ተነስ ሩጥ" እንደማለት ነው። ዲስኩ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ከሆነ፣ ወይም 197 ላይ ቁጥር ካያችሁ፣ እባካችሁ ስላሽ አርን አትንኩት። አያቴን ያሳጣኝ እሱ ነው።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ዲስክ፣ በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠራው ሊኑክስ ላይ፣ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ይተዋል፣ የደረሰበትንም ካርታ ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ጥገናው ከዚያ በኋላ በግልባጩ ላይ ይደረጋል፣ ዋናው አይነካም።

የጋሼ ስላሽ ኤፍ በአራት ደቂቃ አለቀ። ጥቂት ስህተት አገኘ፣ አስተካከለ፣ "ፋውንድ ነጥብ 000" የሚል የተደበቀ ፎልደር ፈጠረ። ይህ ፎልደር ቤት አልባዎች የሚሰበሰቡበት ነው፤ ስማቸው የጠፋ ቁርጥራጮች "ፋይል0000 ነጥብ ሲኤችኬ" እየተባሉ ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያጠፋዋል። አታጥፉት። ፎቶ ከነበረ መጨረሻውን ወደ ጄፔግ ቀይራችሁ ስትከፍቱት አንዳንዴ ይከፈታል። የጋሼ ቁርጥራጮች ውስጥ ግን የሚጠቅም አልነበረም።

እና ልክ እንደፈራሁት፣ የዘንድሮው የመዋጮ ፋይል ስሙ አለ፣ መጠኑ 94 ኪሎባይት፣ ኤክሴል ግን አይከፍተውም። በኖትፓድ አየሁት፣ ባዶ። መብራቱ የጠፋው እሱ ሲጻፍ ነው። ፍላሹ ላይ ያለውም ኮፒ ያው ባዶው ነው። ቼክ ዲስክ "ችግር የለም" አለ፣ ምክንያቱም በመዝገቡ በኩል እውነትም ችግር የለም።

ጋሼ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

ወደዚያ ከመመለሴ በፊት ሰው ስለሚጠይቀኝ ሌሎች ጉዳዮች ትንሽ ልበል።

"ይህን ድራይቭ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት" የሚል መልእክት ሲመጣ መልሱ ካንስል ነው። ሁልጊዜ ካንስል። ዊንዶውስ ያለው "መዝገቡን ማንበብ አቃተኝ" ነው እንጂ "ሳጥኑ ባዶ ነው" አላለም። በዚህ ሁኔታ ቼክ ዲስክ "ድራይቩ ሮው ነው"፣ ማለትም መዝገቡን አላውቀውም፣ ብሎ አልሠራም ይላችኋል። ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም የጠፋ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይፈልጋል፤ ወንድሙ ፎቶሬክ ደግሞ መዝገቡን ትቶ ሳጥኑን እየበረበረ ፎቶና ቪዲዮ ያወጣል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ያወጡትን ግን እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጡ። በስህተት ፎርማት ተደርጎ ከሆነም ወዲያው አቁሙ፤ ኩዊክ ፎርማት መዝገቡን ነው የሚያድሰው፣ ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሁሉንም በዜሮ ይሞላዋል። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው ትንሽ ነው።

ፍላሻችሁ ውስጥ ሁሉም ነገር ሾርትከት ሆኖ ካገኛችሁት ያ የፋይል ሲስተም ጉዳት አይደለም፣ ቫይረስ ነው። ፋይሎቻችሁ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቀው ነው ያሉት። በአንቲቫይረስ አጽዱና የተደበቁ ፋይሎችን፣ "የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎች" የሚለውንም ጭምር፣ እንዲታዩ አድርጉ። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ፎርማት አድርጎታል።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ፣ የሊኑክሱን ቼክ ዲስክ፣ ኤፍኤስሲኬን፣ ተከፍቶ እየሠራ ባለ ፓርቲሽን ላይ አታስኪዱት፣ ራሱ ያበላሸዋል። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ ነው የሚሠራው። ማክ ላይ ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ ፈርስት ኤይድ አለ፣ ዋናውን ዲስክ ከሪከቨሪ ገብታችሁ ብታዩት ይሻላል።

ጋሼ ጋ የቀረው ነገር ወረቀቱ ነበር። ጋሼ ገንዘብ ያዧ ጋ ደወሉ፤ በየወሩ መጨረሻ ፋይሉን በቴሌግራም ይልኩላቸው ስለነበር ያለፈው ወር ኮፒ ስልካቸው ላይ ተገኘ። የጎደለው የዚህ ወር ብቻ ሆነ፣ እሱም በደረሰኝ ጉርዱ ላይ አለ። ከሰዓት በኋላ ቡናው እዚያው መጣ። ጋሼ ደረሰኙን እየገለጡ የቤት ቁጥርና ብር ይጠሩልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ገንዘብ ያዧ አጠገባችን ተቀምጠው ያመሳክራሉ። ሰማንያ ስድስት አባል። አንድ ደረሰኝ ላይ ጽሑፉ አልነበብ ብሎ ወደ ባለቤትየዋ ቤት ልጅ ላክን።

ስንጨርስ ሁለት ፍላሽ ላይ አደረግነው። አንዱ ጋሼ ጋ ቀረ፣ አንዱን ገንዘብ ያዧ በመቀነታቸው ቋጥረው ወሰዱት። ዩፒኤስ እንዲገዛ ለሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ አጀንዳ ይዘዋል፤ ፋይል ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት አሥር ደቂቃ ቢያቆይ ይበቃቸዋል።

ትናንት ማታ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ዛሬም 312 ነው" አሉኝ።